ጋጃርን አልሰጥም

ኦክቶበር 19

ሞቲያ ወለደች። ሦስት። ሁለቱ ሞተው ነው የወጡት። አንዱ አለ።

ኦክቶበር 20

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ይህንን ደብተር የገዛሁት የድመት ግልገሎቹን ክብደት እየመዘገብኩ እንደ ትልቅ አርቢ ልኮፈስበት ነበር። የሚመዘነው አንድ ፍጥረት ብቻ ስለሆነ ወረቀቱ ይተርፋል፤ የሆዴን እጽፍበታለሁ። ሌላ ለማን እነግራለሁ?

ሞቲያ ፊቷ ጥፍጥፍ ያለ ስለሆነ ልጇ ተጠቅልሎ የሚወጣበትን ሽፋን በጥርሷ መቅደድ አትችልም። ፐርሺያን ድመት እንዲህ ናት፤ ባማረች ቁጥር ለራሷ አትሆንም። ሽፋኑን እኔ ቀደድኩ፣ እትብቱን እኔ በክር አስሬ ቆረጥኩ፣ አፍንጫቸውን እኔ በጥጥ ጠረግኩ። ሁለቱን በፎጣ ባሽ ባሽ አልተነፈሱም። ሦስተኛውም ጸጥ ብሎ ነበር። ተስፋ ቆርጬ ላስቀምጠው ስል የወንድሜ ሚስት ሩክሳር በሩ ላይ ቆማ፣ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ፣ "እትዬ፣ ያኛው አፉን የከፈተ መሰለኝ" አለች። እውነትም ከፍቷል። ሲጮህ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ነው የሚመስለው። ሩክሳር ይችን ተናግራ ከጣሪያው ክፍሌ ወደ ታች ወረደች። አንድ ጣቷን አላነሳችም። አንድ ጣት!

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሞቲያን ያስጠቃሁት ከማዳም ዛርቃ ድመት፣ ከናዋብ ነው። ላሆር ውስጥ ድመት የሚያረባ ሁሉ የሚመኘው ጥቁር አውራ ድመት ነው፤ ዋንጫዎቹ የሴትዮዋን ሳሎን ሞልተውታል። ማዳም ክፍያ አልጠየቀችኝም። "በእኛ ደንብ፣ ልጄ፣ ከሚወለዱት መጀመሪያ የምመርጠው እኔ ነኝ፤ ቀሪው ያንቺ" አለችኝ። "እሺ አክስቴ" አልኳት እንደ ወጋችን በአክብሮት፤ ያውም ደስ ብሎኝ። አራት አምስት ይወለዳል፣ አንዱን ትወስዳለች፣ ምን አለበት ብዬ። አንድ ብቻ ቢተርፍስ? ክፍል ውስጥ "ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡ" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ የምጮህ የሒሳብ አስተማሪ፣ ይችን መጠየቅ አቃተኝ።

ኦክቶበር 22

በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት። ጨምሯል! ሩክሳር ያዘችኝ። "ምስር የምመዝንበት ላይ?" "ፎጣ አንጥፌ ነው።" "ፎጣውስ የማን ነው?" የራሷ ነው ለካ። ወንድሜ ሙነወር ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ደበቀ።

ኦክቶበር 25

ደሜ ፈልቷል። በሥርዓቱ ልጻፈው።

የግልገሉን ፎቶ ለማዳም ዛርቃ ላክሁላት። ጸጉሩ ደርቆ ቀለሙ ወጥቷል፤ ቀይ ነው፣ እንደ ካሮት። ወዲያው ደወለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የናዋብ ልጅ ነው አክስቴ። አንድ ነው የተረፈው።"

"ናዋብ እንደ ኩል ጥቁር ነው። የአንቺዋ ክሬም ናት። ቀዩ ከየት መጣ? የጣሪያችሁን ድመቶች ጠይቂ እስቲ።"

"ሞቲያ ከክፍሌ ወጥታ አታውቅም!"

"ሁሉም እንደዚያ ይላል፣ ልጄ" ብላ ሳቀች።

ይህም አልበቃትም። የላሆር አርቢዎች ሁሉ ባሉበት የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ በድምጿ ለቀቀችው፦ "የሻጉፍታ ድመት የወለደችው ከናዋብ አይደለም። የእኔ ዘር አይደለም፣ አልፈልገውም፣ ምርጫዬንም ትቻለሁ። ባለቤቲቱ ቤት መያዝ ያቃታት ስለሆነች ድመቷ ብትዞር አይፈረድባትም።"

ቤት መያዝ ያቃታት። የባሌ ቤት ሰዎች ወደ ቤተሰቤ ከመለሱኝ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሰው ግን ትናንት የተመለስኩ ይመስል ትኩስ ትኩሱን ያወራል። ግድ የለኝም። ድምጿን አንዴ ብቻ ነው የሰማሁት።

እሺ፣ አራቴ።

ኦክቶበር 27

ካራቺ ያለ አንድ የእንስሳት ሐኪም የጻፈውን አገኘሁና እያነበብኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ወንድ ግልገል ቀይ መሆን አለመሆኑን የሚወስደው ከእናቱ ብቻ ነው። ክሬም ማለት ደግሞ ወተት ገብቶበት የቀጠነ ቀይ ነው። እናትየው ቀዩን ሰጠች፣ ጥቁሩ አባት ድምቀቱን ሰጠ፤ አለቀ። ጥቁር አባትና ክሬም እናት ቀይ ወንድ ይወልዳሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ድመት አረባሁ እያለች ይችን አታውቅም!

እንዳለ ገልብጬ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። በስተመጨረሻ "በአክብሮት፣ ሻጉፍታ" ብዬ ፈረምኩበት። ማዳም የጽጌረዳ ምስል ላከች። አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሁሉም ነገ ናዋብን ሊለምናት ነዋ!

ይሁና። ምርጫዬን ትቻለሁ ብላለች። ስለዚህ የእኔ ነው። ሰደበችኝ ብዬ ስቃጠል ሰጥታኝ ሄዳለች ለካ።

ኖቬምበር 6

እንደየዓመቱ የላሆር የብርድ ወራት ጭስ ከተማውን ውጦታል። ከጣሪያው ላይ የጎረቤት ውሃ ታንከር እንኳ አይታይም። የግልገሉ ዓይን ያለቅሳል። ጠዋት ማታ በጥጥና በለብታ ውሃ።

ስም አወጣሁለት፦ ጋጃር። እናቴ አሚ "ለድመት ካሮት የሚል ስም ምንድን ነው?" አለች። ሐልዋ የሚሉትን ጣፋጭ ለመሥራት ገበያ ላይ ከተከመረው ቀይ ካሮት ጋር አስተያይታው ግን እሷም ሳቀች።

ኖቬምበር 11

የሞቲያ ወተት ነጠፈ። ጋጃር ሆዱ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። የዱቄት ወተት በስሪንጅ፣ ጠብ ጠብ እያደረግኩ። ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ማስተማር አለብኝ። ርእሰ መምህርቷን ፈቃድ ስጠይቃት "ማን ታሞብሽ ነው?" አለችኝ። ድመት ብዬ መናገር አፈርኩ። ለምን አፈርኩ? ለአሚ አደራ ብዬ ሄድኩ። አሚ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ከገባች ወዲያ የለችም።

ኖቬምበር 12

ስበር መጣሁ። ሆዱ ከበሮ ሆኖ ተኝቷል! የሞቲያ ወተት ተመለሰ! አልሃምዱሊላህ! ስሪንጁ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ታጥቦ አገኘሁት፤ ጠዋት ስሮጥ ረስቼው ይሆናል።

ሩክሳር ደግሞ ሻሿን እያራገፈች ትነጫነጫለች። "ይሄው፣ ቀይ ጸጉር በቀይ ጸጉር ሆንኩ!" እኔ ሻሿ ላይ ጸጉር ልተክልባት ነው? ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ ለዚህ ፍጥረት አንዲት ደግ ቃል የሌላት እሷ ናት።

ኖቬምበር 20

ዛሬም ሆዱ ሙሉ ነው። ሞቲያ ማሻአላህ።

ደረጃው ላይ ስወጣ ጎረቤታችን ለአሚ ስትላት ሰማሁ፦ "ሻጉፍታ በመጨረሻ ልጅ አገኘች አሉ፣ ጭራ ያለው።" አጠገባቸው የነበረችው ሩክሳር ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ብቻ ሴትዮዋ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች።

ግድ የለኝም። ስሚንቶ ነው ልቤ።

ዲሴምበር 9

የመጀመሪያው ገላ መታጠብ። ለውድድር የሚቀርብ ድመት ከልጅነቱ ካልለመደ አይሆንም። መጀመሪያ በሳህን ማጠቢያ ሳሙና፣ ቅባቱ እንዲለቅ፤ ከዚያ በሻምፖ፤ ከዚያ ማድረቅ። ማድረቂያውን እንደሰካሁ መብራት ሄደ! እርጥብ አይጥ አክሎ ይንዘፈዘፍ ጀመር። የማሞቂያው ጋዝም የለም። ወደ ታች ሮጥኩ። ሩክሳር "እትዬ፣ ልትገይው ነው?" ብላ ከእጄ ነጠቀችኝና ብርድ ልብሷ ውስጥ ከተተችው። እኔ ልገለው! ስንት የለፋሁበትን! መብራቱ እስኪመጣ ድረስ አልሰጥም ብላ ቁጭ አለች። ለሰው መታየት ትወዳለች።

ሲደርቅ ግን ምን ልበል? አንገቱ ላይ ያለው ጸጉር ተነፋፍቶ ፊቱን እንደ አበባ ከበበው። ጆሮዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ተራርቀው የተቀመጡ። ዓይኖቹ ማር ቀለም ይዘዋል። ግንባሩ ክብ ነው። ፎቶ አነሳሁት። ግሩፑ ላይ መለጠፍ አልነበረብኝም፤ ለጠፍኩት። ይቃጠሉ ብዬ ነው፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ዲሴምበር 10

ስልኬ አላርፍ አለ። "እንዲህ ያለ ቀይ ላሆር ውስጥ ከየት አመጣሽ?" "ጥጃ የሚያክል ጭንቅላት!" "ለፌብሩዋሪው ውድድር ይቀርባል?" ኢርፋን ሳሂብ ሳይቀር ጻፈልኝ፤ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ ነው፣ በቀላሉ አያደንቅም።

ማዳም ዛርቃም ፎቶውን እንዳየችው ስልኬ ያሳየኛል። ይህ አልተመቸኝም።

ጃንዋሪ 3

ማዳም ዛርቃ መጣች። ሹፌር ይዛ፣ ጣፋጭ ይዛ፣ ከእኔ ልብስ ሁሉ በዋጋ የሚበልጥ ሻርፕ ደርባ። ሙነወር "ወይዘሮ፣ ክብር ነው!" እያለ የሚያስቀምጥበት ጠፋው። ጋጃር ምንጣፉ ላይ የለውዝ ቅርፊት ያሳድዳል። ብድግ አደረገችው፣ አገጩን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ ተነፈሰች።

"የናዋብ ግንባር" አለች። "ቁርጥ ናዋብን።"

"የጣሪያ ልጅ ነው ብለው ነበር እኮ አክስቴ።"

"ልጄ፣ ያኔ ዓይኑ እንኳ አልተገለጠም። ሰው አይሳሳትም? መጀመሪያ የምመርጠው እኔ ነኝ ብለሽ ቃል ሰጥተሽኛል። ይኸው መረጥኩ።"

"ከአንድ ነው የሚመረጠው?"

"ቃል ስትሰጪ ቁጥር አልጠየቅሽም።"

ክው አልኩ። ትክክል ናት! እኔ ራሴን ከኦክቶበር ጀምሮ የምወቅስበትን ነገር እሷ በፈገግታ አቀረበችልኝ።

ቀጥላም "የአውራው ባለቤት ካልፈረመ የዘር ወረቀት አያገኝም፤ ይኼን ታውቂያለሽ። ያለ ወረቀት ድመቱ መንገድ ላይ እንዳለው ነው። ለእኔ ስጪኝ፣ ስሙ ይጠራል፣ ዘሩ አገር ይሞላል። ከሚቀጥለው ወሊድ ለአንቺ እሰጥሻለሁ" አለችኝ። ሙነወር አንገቱን ይነቀንቃል። ወንድሜ ሱቁ ውስጥ ቃሉን አጥፎ አያውቅም፤ ቃል ለእሱ ከጸሎት እኩል ነው።

ያኔ ሩክሳር ሻይ ይዛ ገባች። ትሪውን አስቀምጣ፣ ጋጃርን ከማዳም ጭን ላይ አንስታ፣ "ጥፍሩ ይቆረጣል፣ ይቅርታ" ብላ ይዛው ወጣች። ማዳም እስክትሄድ አልተመለሰችም። ጥፍሩን የቆረጥኩት ትናንት ነው፤ ሩክሳር እንደሁ የቤቱን ነገር መቼ ትከታተላለች።

እኔ ምን አልኳት? "አስብበታለሁ።" አስብበታለሁ! ምን ነካኝ? "አፍንጫሽን ላሺ" ማለት ሲገባኝ!

ጃንዋሪ 8

ኢርፋን ሳሂብ ጋ ደወልኩ። "ሰው ሁሉ እየሰማ አልፈልግም ብላ ነበር፤ ይህ ያንቺ መከራከሪያ ነው" አለኝ። "ግን አስገድጄ አላስፈርማትም።" ውድድሩ ላይ ያለ ወረቀት የሚገባው የቤት ድመቶች ምድብ ብቻ ነው። እዚያ አባትና እናት አይጠየቅም፤ ዳኛው የሚያየው ጤናውን፣ ጸጉሩን፣ ጠባዩን ነው። ከመንገድ ከተነሱት ጋር። ከጎዳና ድመቶች ጋር የእኔ ጋጃር!

ጃንዋሪ 13

ቃል ሰጥቻለሁ። ካልሰጠኋት ማንም አውራውን አያበድረኝም። ሞቲያ ዳግመኛ አትወልድም። አርቢ እሆናለሁ ያልኩት፣ ለድመት ቤቴ ስም ያወጣሁት፣ ጣሪያውን በሽቦ ያሳጠርኩት ሁሉ ቀረ ማለት ነው።

ከሰጠኋትስ? ወረቀቱ ላይ "አርቢ፦ ሻጉፍታ" ተብሎ ይጻፋል። ጋጃር ታላቅ ይሆናል። ለእሱም ይሻለዋል። ለእሱ ማሰብ አለብኝ እንጂ ለራሴ አይደለም። አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል አለው ናዋብ።

ጃንዋሪ 17፣ እሑድ

ማዳም ዛርቃ ቤት ሄድኩ። ለማየት ብቻ። ጋጃርንም በመያዣው ይዤው ሄድኩ፤ ብርድ ስለሆነ ብቻውን መተው አልፈለግኩም።

ናዋብን አሳየችኝ። አውራ ሽንቱን እየረጨ ዕቃ ስለሚያበላሽ ከሰው ጋር አይኖርም፤ የራሱ ክፍል አለው፣ ንጹህ፣ ነጭ ሴራሚክ፣ መስታወት በር። እንዳየን ተነስቶ መስታወቱን በሁለት እጁ መቧጨር ጀመረ። ጮኸ፣ ጮኸ። "ሴት የመጣችለት መስሎት ነው" ብላ ማዳም ሳቀች። ቀርቤ ጣቴን በቀዳዳው ብሰድለት ግንባሩን ደገፈበት። መታሸት ነው የፈለገው። "አትልመጂው፣ ልጄ፣ ሥራውን ይተዋል" አለችኝ። ማን እንደሚያሸው ጠየቅኩ። "ሠራተኛው ያጸዳለታል" አለች።

ጋጃር መያዣው ውስጥ ሆኖ አላየውም። "አስቀምጪው እንጂ" አለችኝ። ምሳ እቤት ይጠብቁኛል ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሩክሳር ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች፣ ዓይኗ አብጧል። "አስረክበሽው መጣሽ?" አለችኝ። መያዣውን ከፈትኩ። አወጣችው፣ አንገቱ ውስጥ ፊቷን ቀበረች፣ ከዚያ ቀና ብላ እንዲህ አወረደችብኝ፦

"እትዬ፣ አንቺ ሒሳብ ታስተምሪያለሽ አይደል? በኖቬምበር ማን ያጠባው ይመስልሻል? ሞቲያ? ደረቅ ጡት? መልአክ ወርዶ? በየሰዓቱ ጣሪያ ስወጣ ስወርድ ጉልበቴ አለቀ እኮ! ሳትነግሪኝ አንጠልጥለሽው ሄድሽ!"

እዚሁ ደብተር ላይ ስለእሷ የጻፍኩትን አሁን መለስ ብዬ አነበብኩት። ስሪንጁ፣ ሻሿ፣ ብርድ ልብሷ። ሁሉንም ራሴ ጽፌዋለሁ፣ አንዱንም አላየሁትም። እንዴት ያለሁ ደደብ ነኝ! ሩክሳር፣ ይህን ካነበብሽው ይቅር በይኝ። ግን አታንብቢው።

ጃንዋሪ 18

ለኢርፋን ሳሂብ ጻፍኩ፦ "ጋጃር፣ የቤት ድመቶች ምድብ።" አለቀ። አልሰጥም።

ፌብሩዋሪ 13

ታጠበ። ደረቀ። ተበጠረ። ሩክሳር ቅባቱን እንዲመጥ የበቆሎ ዱቄት ነሰነሰችበት፣ እኔ በብሩሽ አራገፍኩ። ዱቄት ጸጉሩ ላይ ከተገኘ ከውድድሩ ይሰረዛል። እንቅልፍ የለም።

ፌብሩዋሪ 14

ሁሉንም እጽፋለሁ።

ውድድሩ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የሙሽሮቹ ወርቃማ ሶፋ እንዳለ መድረኩ ላይ ቀርቷል፤ ከቱርክ የመጣችው ዳኛ ጠረጴዛዋን ከፊቱ ዘርግታለች። እኔና ሩክሳር ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጥን። በቀኛችን አንድ ዓይና ጉራማይሌ ድመት፣ ባለቤቷ ባጃጅ መሳይ ሪክሾ የሚነዳ ሰውዬ ነው፤ እሷን ሲያቆላምጥ ብታዩት! በግራችን ጭራዋ ግማሽ የሆነ። የባለ ዘር ድመቶች አርቢዎች በፊታችን እያለፉ ጋጃርን አይተው ቆም፣ እኔን አይተው ፈጠን ይላሉ።

የእኛ ምድብ ተጠራ። ዳኛዋ ጋጃርን በሁለት እጇ ዘርግታ አነሳችው፤ ለምዷል፣ ጨርቅ ሆነላት። መልሳ አስቀመጠችው። እንደገና አነሳችው። አገጩን፣ ግንባሩን፣ የጭራውን ርዝመት ለካች። አንደኛ ሰጠችው፤ ሩክሳር ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ አሁንም በልዟል። ከዚያ ማይክሮፎኑን ያዘችና በአስተርጓሚዋ "ይህን ድመት እዚህ ምድብ ውስጥ ማን ጣለው? ከሌላው ምድብ ቢገባ ዋንጫውን እሰጠው ነበር። አባቱ ማን ነው?" አለች።

አፌን ሳልከፍት ከፊት ረድፍ ማዳም ዛርቃ ብድግ አለች። "ናዋብ! የእኔ የናዋብ ልጅ ነው!" አዳራሹ ተንሾካሾከ። መቶ ሰው ኦክቶበር ላይ ድምጿን የሰማ ነው።

ኢርፋን ሳሂብ እስክሪብቶ ይዞ መጣ። "ማዳም፣ በሰው ሁሉ ፊት ካመኑ ይፈርሙና ከሰዓት በኋላ ዘር ካላቸው ጋር ይግባ።"

"እፈርማለሁ። ዛሬ ግን በእኔ መኪና ነው የሚሄደው። ቃል ቃል ነው።"

ሽማግሌ አርቢዎች ከበቡን። አንዱ በአባት አንደበት "ሻጉፍታ ልጄ፣ ቃል ሰጥተሽ ነበር?" አለኝ።

"ሰጥቼ ነበር።"

"እንግዲያውስ..."

"እንግዲያውስ ምን? እሳቸውስ ቃል አልሰጡም? 'የእኔ ዘር አይደለም፣ አልፈልገውም፣ ምርጫዬን ትቻለሁ' ሲሉ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቃል የሚባለው የእኔ ብቻ ነው?"

"ተሳስቼ ነው ብያለሁ!" አለች ማዳም።

"እኔም እሺ ስል ተሳስቼ ነው። ተካክለናል።"

"ልጅቷ ምላሷ!" አለ አንዱ። ሩክሳር ደግሞ ከኋላዬ ሆና "ምላስ ያለን እኛ ሆነን ነው በድምጽ የተሰደብነው?" አለችው። የሪክሾው ሰውዬ አጨበጨበ። ብቻውን።

የቀሩት ግን ከማዳም ጋር ናቸው። ፊታቸው ላይ አየሁት። አውራ ያላት እሷ ናት። ጋጃርን አቅፌ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ አልቆየንም።

ፌብሩዋሪ 20

ከግሩፑ አስወጡኝ። አልቀረብኝም።

ፌብሩዋሪ 28

ሽማግሌዎቹ ሙነወር ሱቅ ሄዱ። ሦስት ሆነው፣ ጣፋጭ ይዘው። ቧንቧና መታጠቢያ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ፊት "የሙነወር እህት ቃሏን በላች" አሉት። ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። እራት አልቀመሰም።

"ስጪያት" አለኝ። "ለድመት ብለን ስማችን አይጥፋ።"

"አልሰጥም።"

"እንግዲህ በየሳምንቱ ይመጣሉ! እስክትሞቺ ልትታገያቸው ነው?"

አሚ አለቀሰች። እኔም ላለቅስ ነበር። ሩክሳር ሮቲ ቂጣ እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል፣ "ሴትዮዋ ከዚህ ድመት የምትፈልገው ምኑን ነው?" አለች።

"ውበቱን" አለ ሙነወር።

"ውበቱን ከሆነ ፎቶ እንልክላታለን። የምትፈልገው ዘሩን ነው። ሐኪም ቤት ወስደሽ አስኮላሺው፤ ያኔ ሽማግሌ ትልክ እንደሆነ አያለሁ።"

ሙነወር ሽምቅቅ ብሎ ከማዕድ ተነሳ። አሚ "አስተግፊሩላህ" አለች። እኔ ሳቅኩ፣ ከዚያ መሳቅ አቃተኝ። ትክክል ናት። ማንም ፈላጊ እንዳይመጣበት ማድረጊያው አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ግን ከተደረገ ከጋጃር ቀይ ግልገል አይወለድም። ጣሪያዬ ላይ ያሰብኩት ሁሉ እዚያው ያበቃል።

ማርች 5

ወሰንኩ ብዬ ተኛሁ፤ ሲነጋ ተውኩ። ወሰንኩ። ተውኩ። ሞቲያ ደግሞ ወንድ ፈልጋ መጮህ ጀምራለች።

ማርች 9

ሽማግሌዎቹ እሑድ ቤት ድረስ እንደሚመጡ መልእክት ላኩ። መያዣ ይዘው ይመጣሉ አሉ። የራሳቸውን መያዣ!

ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዝኩ። ለሐሙስ።

ማርች 11

ሐኪሙ "እርግጠኛ ነሽ? እንዲህ ያለ አውራ እኮ..." አለኝ። አዎ አልኩት። ወሰደው። እኔና ሩክሳር አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፤ ኪኖ የሚሉትን መንደሪን ልጣ ሰጠችኝ፣ እንደያዝኩት ቀረሁ።

ረዳቱ ወጥቶ "አልቋል፣ ደህና ነው" ካለን በኋላ ስልኬ ጮኸ። ማዳም ዛርቃ። ድምጿ ሌላ ነው፤ ደክሟታል።

"ሻጉፍታ ልጄ፣ አሰብኩበት። ሽማግሌዎቹን እመልሳለሁ። አንቺ ጋ ይቅር። ወረቀቱን ዛሬ እፈርምልሻለሁ፣ አርቢም ባለቤትም አንቺ ተብለሽ። እኔ የምፈልገው ሴቶቼን እንዲያጠቃልኝ ብቻ ነው። ናዋብ እያረጀብኝ ነው። ለሞቲያሽም ናዋብን እሰጥሻለሁ፣ ያለ ምንም።"

አላቋረጥኳትም። ከኦክቶበር ጀምሮ የፈለግኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠራችልኝ፤ አንድም አላስቀረችም። በመስታወቱ ውስጥ ጋጃር ይታየኛል፤ ምላሱ ወጥቷል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል።

"አክስቴ" አልኳት፣ "አሁን ተደርጎለት ወጣ። ከማደንዘዣው እየነቃ ነው።"

"ምን አደረግሽ? አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ!" አለች። እያለቀሰች ነበር መሰለኝ። ለማን እንዳለቀሰች አላውቅም፤ የሚያረጀው ናዋብ ተተኪ አጥቷልና ለናዋብ ይሆናል። ዘጋሁት።

ሩክሳር ምን አለችሽ ስትለኝ ሰደበችኝ አልኳት። እውነቱን ብነግራት ኖሮ ሐሳቡ የእሷ ስለሆነ ዕድሜዋን ሙሉ ይቆጫታል። እኔ አልቆጨኝም። ትናንት ደውላ ቢሆን እያልኩ አላስብም። አልቆጨኝም።

እኔን የባሌ ቤት ሰዎች ዘር አልሰጠሽም ብለው መለሱኝ። እሱን ዘር ስጥ ብለው ሊወስዱት ነበር። ከእንግዲህ ማንም አይመጣበትም፣ ማንም ምንም አይጠይቀውም፣ እዚሁ ከእኔ ጋር ያረጃል። እሑድ መያዣቸውን ይዘው ይምጡ፤ ሻይ እናፈላላቸዋለን።

ማታ ሾርባ ላሰ፣ ትንሽ አስመለሰው፣ እንደገና ላሰ። አሁን እግሬ ላይ ተኝቷል። ደንዝዞኛል፣ ግን አላንቀሳቅሰውም።